ለየሰው አንድ ዳቦ

አሜሪካ፣ ፓልምስ በሚባል ሰፈር በኖርንበት አፓርትመንት ኦቨናችን ዳቦ አይጋግርም ነበር፤ ድስት ያስቀምጥ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች በሳምንቱ ከፍታ አየችው፣ ስፋቱን በክንዷ ለካችና «ጥሩ ቁም ሣጥን ነው» ብላ መጥበሻውን፣ ክዳኑን፣ የፕላስቲክ ሳህኑን ሳይቀር ጠቀጠቀችበት። አልተከራከርኳትም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችው ሱቄ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍና የሀበሻ ቀሚስ ተደራርቦባት እኔ ራሴ መቆሚያ ያጣሁባት ነበረች። ባዶ ቦታ አይቶ ዝም የሚል ነጋዴ ደግሞ አላውቅም።

ይሄ ባቡሩ ፓልምስ ድረስ ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ ሱቅ ለመሄድ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ ከደረስኩ በኋላ ፓርክ የማደርግበት ፍለጋ ብሎኩን እዞራለሁ። ቅዳሜ ግን ከሰዓት በኋላ ነበር የምከፍተው። ቅዳሜ ጠዋት የእናቴ ነበረ። በኋላ የሁለት አሮጊቶች ሆነ።

ሁለተኛዋ ከእኛ በታች ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩት አይሪሽ ባልቴት ናቸው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ደረጃው ሁሉ የሚሰማቸው ሴት። ሰላምታ እንጂ ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩ። ከፈትኩ። ዱቄት ያለበት ጎድጓዳ ሳህን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል።

«ኦቨን አላችሁ?» አሉኝ።

«አለን» አልኩ። አልዋሸሁም።

«የሚሠራ?»

እሱን መቼ ሞክረነው።

ነገሩን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። መጥበሻ እሳት ላይ ረስተው ኩሽናቸው በጭስ ታፍኖ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ሚራክል ማይል አካባቢ ቢሮ የሚሠራ። መጣ፣ ጥቁረቱን አየ፣ የምድጃቸውን ጋዝ አስቆረጠ። ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ደግሞ ኖርዝ ሆሊውድ በኩል ያየላቸው የአረጋውያን ቤት አለ፤ አልጋው ሁሉ ተመርጧል።

«ባሌ የሞተው እዚህ ታች ነው» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርገው። «ከዚህ የትም አልሄድም። ግን ዳቦ ሳልጋግር መቀመጥም አልችልም።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ተነስታ ድስቶቹን ከኦቨኑ እያወጣች ወለሉ ላይ መደርደር ጀመረች።

ሁሉንም አወጣች፣ ከአንድ የፕላስቲክ ሳህን በስተቀር። ኦቨኑ ሲግል ቤቱ ውስጥ ጎማ የተቃጠለ መሰለ። እናቴ ጴንጤ ናት፤ መስኮት ከመክፈቷ በፊት ሰይጣንን ገሠጸች። አሮጊቷ ግን ጭሱን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ዱቄቱ ነጣ።

«እኔ ነኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ረሳሁ?»

«እርስዎ አይደሉም። እኛ ነን» አልኳቸውና የቀለጠውን ሳህን በቢላ አንስቼ አሳየኋቸው።

ያን ጊዜ የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጡ። ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከሱፐርማርኬት የገዙት አንድ ካርቶን አሬራ፤ በቃ። እናቴ ካርቶኑን አሽትታ ቀመሰችውና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ይሄ አሬራ አይደለም እንዴ? ቅቤው የወጣለት?»

«አሬራ ነው።»

«ይሸጡታል?»

«በካርቶን።»

እኛ ሰፈር ለጎረቤት በነፃ የሚታደል ነበር። ቅቤውንም ሸጦ፣ የቀረውንም አሽጎ መሸጥ! ልብስ ተራ እየነገዱ ካሳደጉኝ ሰዎች ይሄን ያሰበ አልነበረም። አሜሪካኖችን ከልቤ ያደነቅኩት ያን ቀን ነው።

አሮጊቷ ሊጡን አያሹም። አሬራውን መሀል ላይ ያፈሱና ጣታቸውን ዘርግተው አንድ ሁለቴ ያዞሩታል፤ አንድ ነገር እንዳይነቃ የፈሩ ይመስላሉ። ከዚያ በጡጫ ጡጫ ልክ ቆርሰው ያድበለብሉታል። ሶዳው አሬራውን ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል፣ እጅ ከበዛበት ወይም ከቆየ ይሞታል፣ ስለዚህ ቶሎ ነው ኦቨን መግባት ያለበት ብለው አስረድተውኛል። ለእናቴ ስተረጉምላት አንገቷን ነቀነቀች። የሰማች መስሎኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ላይ በቢላ መስቀል ይሠሩበታል። እናቴ ይሄኛው አላማራትም።

«ኦርቶዶክስ ናቸው እንዴ?»

ጠየቅኳቸው። ዳቦው ውስጡ እንዲበስል ነው፣ የድሮ ሰዎች ግን ውስጡ ያሉት ነገሮች እንዲወጡ ነው ይላሉ አሉኝ። የምን ነገሮች? በዓይን የማይታዩ፣ ትናንሽ፣ ተንኮለኞች። እኔም «አጋንንት እንዲወጡ ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

«ሃሌ ሉያ!» አለች እናቴ። ከዚያ ወዲያ ስለ መስቀሉ ተነስቶ አያውቅም።

ያልተዋጠላት ትንሽነቱ ነበር። ለየሰው አንድ አንድ ዳቦ! ዳቦ ማለት ለእሷ ትልቅ ነው፤ በዕድሜ የገፋው ሰው ባርኮ ቆርሶ የሚያድለው። «እስር ቤት ነው ወይስ ሆስፒታል?» ትለኛለች። «ሁሉም የራሱን ይዞ ጥግ ጥጉን ሊቀመጥ ነው?» እሳቸው ደግሞ ትልቅ ዳቦ ብቻውን በሚኖር ሰው እጅ ይደርቃል፣ ትንሹን ግን ትኩሱን በልተው ይጨርሱታል ይላሉ። እናቴ ሲወጡ ጠብቃ «ታዲያ ለምን ብቻቸውን ይበላሉ?» አለችኝ፣ እኔ ያባረርኳቸው ይመስል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ምሳቸውን እኛ ጋ በሉ። እናቴ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ይውላሉ። እኔ እንኳ እንደዚያ የሚያዳምጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ልጃቸው ይሄን አያውቅም ነበር። ሲያውቅ ደነገጠ፤ «እናቴ የሰው ቤት ልታቃጥል ነው» ብሎ ደወለልኝ። በመጪው ቅዳሜ መጥቶ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። አሮጊቷ ሳምንቱን ሙሉ አልሳቁም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሊጡን እኛ ቤት ለውሰው ሳይጨርሱ ልጅየው ቀደም ብሎ ታች መድረሱን ደወለ። ፀጉራቸውን እየነካኩ ሊቀበሉት ወረዱ። ለእናቴ በእጃቸው አሳይተዋታል፦ ቆራርሽው፣ አስገቢው። እኔ ቅቤ ልገዛ ወጥቼ ነበር።

ስመለስ እናትና ልጁን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ታች ብዙ አውርተዋል፤ የሁለቱም ፊት ይናገራል። ልጁ ክራቫት አድርጓል፣ በቅዳሜ። አብረን ገባን።

ጠረጴዛው መሀል ላይ የትራስ ልክ የሆነ ዳቦ ተቀምጧል።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እንግዳ ይመጣል ተብሎ የጡጫ ልክ ዳቦ ማቅረብ ሞቷ ነው። ቢላውን በሁለት እጇ ይዛ ለአሮጊቷ ሰጠች። «ትልቅ ነዎት፣ ይቁረሱልን በላቸው።»

ቢላው አልገባ አለ። ልጃቸው ተቀብሎ ሞከረ። ሲሰነጠቅ ውስጡ ሊጥ ነው፣ ያውም ጥሬ።

ልጅየው ቢላውን አስቀመጠና የእናቱን ትከሻ ያዘ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። «እማ፣ ይሄን እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው የምትጋግሪው። ረሳሽው ማለት ነው። ጊዜው ደርሷል።»

አሮጊቷ ከጥሬው ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ እናቴን አዩዋት።

«ይሄ ሊጥ ታሽቷል። ጠንካራ ክንድ ነው ያሸው» አሉ። «ከዚያ ጨርቅ አልብሰው አስተኝተውታል። ሶዳው በእንቅልፉ ሞተ።»

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

ነገርኳት። ኩራት ፊቷ ላይ ተዘረጋ። «ታዲያስ! እሳቸው እጃቸው ደክሟል፣ ሳያሹት ትተውት ወረዱ። አሸሁላቸው፣ ኩፍ እንዲል ሸፈንኩላቸው። እምቢ አለ እንጂ እኔማ ጠበቅኩት።»

እሱንም ተረጎምኩ፣ ለልጅየው፣ ቃል በቃል። እናቴን አሳልፌ ሰጠሁ። ልጅየው አንዴ ዳቦውን፣ አንዴ እናቱን አየ። «አንቺ አይደለሽም የሠራሽው?»

«እኔ ብሠራው ትበላው ነበር» አሉት። እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።

አሬራው አልቋል። እናቴ ከፍሪጅ የራሷን እርጎ አምጥታ በውሃ አቀጠነችላቸው። ለወሱ፣ አድበለበሉ፣ መስቀሉን ሠሩ። ወንበር ስበው ኦቨኑ ፊት ተቀመጡና ከዚያ አልተነሱም። ልጅየው ስልኩን አውጥቶ «ሰዓት ልሙላልሽ?» ቢላቸው «አፍንጫዬ አለ» አሉት። ሲሸታቸው ራሳቸው አጠፉት፣ ራሳቸው አወጡት። ዝርዝሩን የምጽፈው ልጅየው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሲከታተል ስላየሁት ነው። እኔ ደግሞ እሱን ነበር የምከታተለው፤ ገዢን ማየት ሥራዬ ነው።

የራሱን አንድ ሰጡት። ገመሰው፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ ቅቤ ቀባበት። ሁለቴ ጎረሰ። ትምህርት ቤት ሲሄድ እናቱ ኪሱ ውስጥ ትኩሱን እንደሚከቱለት፣ እጁን ያሞቅበት እንደነበር ነገረን።

የዋጋ ንግግር የሚጀመረው ሰው አፉ ሲሞላ ነው፤ ያን ጊዜ እምቢ ለማለት መዋጥ አለበት።

«ሶ» አልኩት፣ «የታቹ ጋዝ እንደተቆረጠ ይቅር። መጋገር እዚህ ብቻ። እናቴ ጠዋትና ማታ ወርዳ ታያቸዋለች፤ አሁንም ትወርዳለች፣ አንተ ስለማታውቅ ነው።»

ዋጠ። «እስከ መቼ?»

«ዳቦው እንዲህ እስከሆነ ድረስ። ሲበላሽ በመጀመሪያ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ስለምትበላ።»

እናቱን አየ። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «አንድ ነገር ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ኦቨኑ ጋ ብቻዋን እንዳትሆን።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ተቆጣች። «ብቻቸውን? እዚህ ቤት ማን ነው ብቻቸውን ትቷቸው የሚያውቀው? እሱን መሰልኩት?»

«እሺ ብላለች» አልኩት።

ልጅየው ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ሁለተኛ ዳቦ አነሳ። የኖርዝ ሆሊውዱ የአረጋውያን ቤት ያን ቀን አልተነሳም፤ ከዚያ በኋላም፣ አሮጊቷ ታች በገዛ አልጋቸው ላይ እንደተኙ እስከሚያርፉ ድረስ፣ አልተነሳም።

ከሄደ በኋላ እናቴ ትራሱን ዳቦ አነሳችው። ዳቦ አይጣልም። የበሰለውን ዳር ዳሩን ፈርፍራ በቅቤና በበርበሬ መጥበሻ ላይ ጠበሰችው፣ ልክ እንደ ጨጨብሳ። በአንድ ሳህን አቀረበችልንና ለአሮጊቷ ማንኪያ ሰጠቻቸው። ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አፋቸውን በእጃቸው አራገቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ማንኪያውን እንደገና ሰደዱ።

«ምን ይላሉ?» አለች እናቴ።

«በሚቀጥለውም ቅዳሜ አንድ አበላሺ ይላሉ።»