የአባቷ ድዋ ያለበት ካሴት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ከልጄ ከሐያት ጋር ከመርሳ ወልድያ ሄድን። ቦርሳዬ ውስጥ በሻሽ የጠቀለልኩት አንድ ካሴት አለ።

ሐያት ኒካዋ ሊታሰር ነው። አባቷ የሞተው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። ታሞ በተኛበት፣ ለኒካዋ ቀን እንዲሆናት ብሎ ድዋውን፣ የአባት ምርቃቱን፣ በካሴት ቀድቶላት ነበር። ወደ ስልኳ አስገልብጣው ስትሰማው ኖረች፤ ስልኩ ግን ውሃ ገብቶበት ቀረ። አሁን ያለን ካሴቱ ብቻ ነው... የሚያጫውተው ቴፕ ደግሞ ከቤታችን ከጠፋ ቆይቷል።

ስልክ ጠጋኙ ሰይድ ከመደርደሪያው ሥር አሮጌ ቴፕ አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ሱቁ ስልካቸው እስኪሠራ በሚጠብቁ ሰዎች ሞልቷል። ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠነ ሣቀብኝ።

«እናቴ፣ ካሴት እኮ ከሞተ ቆየ።»

«አልሞተም» አልኩት። «ትልልቆቹ የመረጃ ማከማቻዎች ዛሬም የሚያስቀምጡት እንዲህ ባለ ጥቅልል ላይ ነው። አንብቤዋለሁ።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «ታዲያ ኢንተርኔቱንም በቢክ ነው የሚያጠነጥኑት?» አለ። ቤቱ በሙሉ ሣቀ።

«በሮቦት ነው» አልኩ። «ካሴቱን ከመደርደሪያ አንስቶ የሚያስገባው እሱ ነው።»

ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አፌ ተፈታ። የሚሽከረከረው ዲስክ ቶሎ ቶሎ ለሚፈለግ ነገር ነው፤ ለዓመታት ለሚቀመጠው ግን ጥቅልሉን የሚያህል የለም አልኳቸው። መዳፍ የምታክል አንዷ የጥቅልል ሳጥን የአንድ ከተማ ሰው ፎቶ ትችላለች። የማግኔቱን ብናኝ እያደቀቁ፣ ሪባኑን እያሳሱ፣ ከዚህም የበለጠ እንድትይዝ እየሠሩ ነው። መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ መብራት አትጠይቅም።

«መብራት አትጠይቅም?» አለ ሰይድ። «እንዲህማ ከሆነ ለወልድያ ብለው ነው የሠሯት።»

ካሴቱን ከተተው... ቴፑ በላው።

ሐያት ዓይኗን ጨፈነች። ሰይድ የተጠላለፈውን ሪባን በጥፍሩ ቀስ እያለ ሳበና አወጣው። አልተበጠሰም።

«ሪባኑ ደክሟል። አንድ ጊዜ ይጫወት ይሆናል፤ ለሁለተኛው ግን አልምልም» አለን። መቅጃ ገመዱም ስላልሠራለት የራሱን ስልክ ቴፑ ድምፅ ማጉያ ሥር አስቀመጠ። «ጀማዓ፣ እየቀዳሁ ነው፤ ማንም እንዳይናገር።»

የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«ያ አላህ፣ ለልጄ ትዳሯን የሰላም አድርግላት...» ብሎ ዝም አለ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ድዋውን የቀዳው እኔ ግራና ከተማ ለገበያ ሄጄ እሱ ብቻውን በዋለበት ቀን ነው። ዝም ባለ ቁጥር ትንፋሽ ያጠረው ይመስለኝ ነበር... ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ከደጋ የመጡ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ «አሜን» አሉ።

ሰይድ ደንግጦ እጁን አወናጨፈ።

«የዘራችው ይብቀልላት...»

«አሚን» አለ ያ ቀልደኛ ጎልማሳ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

በሦስተኛው ምርቃት ሁሉም አሉ፤ ራሱ ሰይድም አለ። ወሎ ውስጥ ድዋ እየተደረገ ዝም በሉ ማለት ውሃን ሽቅብ ውጣ እንደማለት ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር እየሰማሁ ነበር። አሚኑ በየዝምታው ልክ ይገባል። አንድም ጊዜ ከቃሉ ጋር አልተጋጨም። የሰው አሚን ሲያበቃ እሱ ይቀጥላል...

ትንፋሽ አጥሮት አልነበረም። እየጠበቀን ነበር።

እኔም «አሚን» አልኩ።

ካሴቱ አልቆ ቆመ። ሰይድ ወደ ሐያት ዞረ። «እህቴ፣ አውፍ በይን፣ አበላሸንብሽ። ይበጠስ እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ልድገመው?»

«ተወው» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «አሚን የሌለበትን ድዋ ምን ላደርገው?»

መረጃ ወደፊት በምን እንደሚቀመጥ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሰው ጥበብ ይደንቀኛል። ለሰሚው ቦታ ትቶ የቀዳ ግን እስካሁን የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።