የሁዳዴ ቁርስ

የቆጋው የውሃ አባት ክንዱ በመራዊ ዙሪያ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ የመስኖ ውሃ ሲያከፋፍል አያደላም፣ ሲጾምም ቀልድ አያውቅም። ሰዎች “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እያሉ ሲያሾፉበት፣ ሚስቱ ሸጊቱ ሳቋን አፍና “እንኳን ጉቦ፣ ቁርስም አይበላልኝ” ትላለች። እውነቷን ነው። በሁዳዴ እሱ ቤት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እሳት አይነድም። ልጆቹ ትዳር ይዘው ወጥተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እንኳ ደንቡ ያው ነበር።

ሸጊቱ የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ባሕር ዳር ያዘዙላትን ክኒን ትውጣለች። ጣቶቿ ተፍታቱ፣ ፊቷም ድቡልቡል አለ፤ ጎረቤት “ተመቻት” ሲል እሷም አላስተባበለችም። ትእዛዙን በቃሏ ይዛዋለች፤ ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ ጋር፣ በባዶ ሆድ ፈጽሞ።

ሁዳዴ ገባ። ጠዋት መብላት አይሆንም፤ ሳይበሉ መዋጥም አይሆንም። ምስኪን ሸጊቱ ሐኪሙንም እግዜርንም ላለማስቀየም ብላ ክኒኑን ለፋሲካ አስቀመጠችው። ለክንዱ ስትነግረው “ደግ አደረግሽ” አላት። ኮራባትም። ያችን ቃል ኋላ ስንቴ እንደረገማት እሱ ነው የሚያውቀው።

እየዋለ እያደረ አቅም አነሳት። ብድግ ስትል ዓይኗ ይጨልማል፤ እህል አስጠላት። ያየ ሁሉ “ጾሙ ከብዷት ነው” አለ። ክንዱም እንደዚያው አሰበ፤ የጽድቅ ድካም መሰለው። ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ሌላውን ሰው አስነጥሶት የሚያልፍ ጉንፋን እሷን አልጋ ሳያደርሳት ጣላት። ክንዱ ከቦይ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኛት። ስሟን ጠራ፤ ዓይኗን ገለጥ አደረገች እንጂ አልመለሰችለትም። ከወዲያ ማዶ ሰው የሚጠራበት ድምፁ ጎረቤት ለመጥራት አነሰው።

ባሕር ዳር የተቀበለቻቸው ሐኪም ሩሐማ ትባላለች፤ ለክንዱ ልጁ ብትሆን የምትደርስ ናት። “ምን መድኃኒት ትወስድ ነበር?” አለችው። ነገራት። “መቼ አቆመች?”

“ጾሙ ሲገባ፣ ልጄ።”

ሌላ አልጠየቀችም። ለሸጊቱ በደም ሥሯ መርፌ ሰጠቻት፣ ጉሉኮስም ሰካችላት። ክንዱ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ያይ ነበር። ማምሻውን ሸጊቱ ዓይኗን ገልጣ አየችውና “ውሃውን ለማን ትተኸው መጣህ?” አለች። ያን ጊዜ አለቀሰ።

ሩሐማ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። “አባቴ፣ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲታመም፣ ሲጨነቅ፣ ሲርበው በእግሩ የሚያቆመውን ሆርሞን የሚለቁ እነሱ ናቸው። ልቀቁ ብሎ የሚያዛቸው አንጎል ነው፤ ደሙ ውስጥ በቂ ሲያገኝ ደግሞ ማዘዙን ይተዋል። ክኒኑ የዚያ ሆርሞን ወገን ነው። በየቀኑ ከውጭ ሲገባላት አንጎሏ ማዘዙን ተወ፣ ዕጢዎቹም አንቀላፉ። ክኒኑ በአንድ ጊዜ ሲቀር፣ ጉንፋኑ ሲመጣባት፣ የሚደርስላት አልነበረም።”

ክንዱ ቦዩ ትዝ አለው። “ክረምቱን ዝናብ ሲበቃቸው የታች ሰዎች ውሃ አይሉኝም። እኔም የቦዩን በር ዘግቼ እተወዋለሁ። ዝናቡ ሲቆም ልክፈት ብል ዝጎ፣ ደለል ይዞት እንቢ ይለኛል።”

“እንዲያ ነው” አለች። “ክኒኑን ቀስ እያልን ስንቀንስ እነሱም ቀስ ብለው ይነቃሉ። እስከዚያ አንድ ጠዋት እንኳ መታለፍ የለበትም። ከታለፈ እንዳሁኑ አትመለስ ይሆናል።”

ቤታቸው ሲገቡ የንስሐ አባታቸው አባ ፍሬ ስብሐት መጥተው “በሽተኛ አይጾምም፤ ፈትቻታለሁ” ብለው ባርከዋት ሄዱ። ክንዱ ነገሩ ያለቀ መሰለው። በማግስቱ ጠዋት እሳት አንድዶ ድንች ቀቀለ፤ ከክኒኑ ጋር አቀረበላት። ሸጊቱ ድንቹን አየች፣ እሱን አየች፣ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

“አንተ ጾመህ እያየኸኝ እንዴት ብሎ ይወርድልኛል?”

“አባ ፈቅደዋል እኮ።”

“ፈቅደዋል። ጉሮሮዬ ግን እንቢ አለኝ። ነገ እጀምራለሁ።”

ክንዱ ነገ ምን እንደሚያመጣ አይቶታል። ደጃፉ ላይ ወድቃ አይቷታል። አንድ ድንች አንስቶ ላጠ፣ ለሁለት ከፈለው፣ ጨው ነካ አድርጎ አንዱን ጎረሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሁዳዴ ጠዋት እህል ቀምሶ አያውቅም።

ሸጊቱ ደነገጠች። “ምነው ክንዱ፣ ምን ነካህ?”

“ለአባ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ንስሐም ቢሰጡኝ እቀበላለሁ። ጾሙ ይመለሳል፤ አንቺን ግን ከየት አመጣሻለሁ?” አለና ግማሹን ወደ አፏ አቀረበ። ጎረሰች። ክኒኗን ዋጠች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቅርሮ “አንድ ያጣላል” ብላ አፏን እንደገና ከፈተች። ክንዱም ሌላ ድንች ላጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከዚያ ቤት ጭስ ይታይ ነበር። ጎረቤት አየ፣ አወራም። ክንዱ ማውራታቸውን ያውቃል፤ ከሸጊቱ ጋር ቁርሱን በልቶ ወደ ቦዩ ይወርዳል።