ከበግ በቀር ማንም የሌለበት አገር

ሰው ለራሱ ዕረፍት መውጣት አይችልም እንዴ? ከአሜሪካ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ሁለቱ ሻንጣዎቼ በሰው ጫማና በሰው ቫይታሚን ይሞላሉ፤ የእኔ ልብስ በእጅ ቦርሳ ተጠቅጥቆ ይሄዳል። ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። ዕቃ የሚላክለት ሐበሻ የሌለበት ቦታ ስፈልግ ከረምኩና የአየርላንድን ገጠር አገኘሁ፦ ኮረብታ፣ ሐይቅ፣ በግ። አንዲት ትንሽ ሆቴል ቡክ አደረግኩ። ከባለቤቴ ከሳራ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቸርች ስንወጣ እትዬ ዘነበች ፓርኪንጉ ላይ ጠበቁኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ በርበሬ ታቅፈዋል።

«አየርላንድ ልትሄድ ነው አይደል? ይቺን ለእህቴ ልጅ ታደርስልኛለህ።»

ደሜ ፈላ። ሳራ ላይ አፈጠጥኩ።

«እኔ አልተናገርኩም!» አለች። ማን ያምናታል!

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ገጠር ነው» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። «ከበግ በቀር ማንም የለም። የእህትዎን ልጅ የት ብዬ ላግኛት?»

«አንተ ምን አስጨነቀህ?» ብለው ስልካቸውን ስፒከር ላይ አድርገው ደወሉ።

አንዲት ወጣት እየሳቀች አነሳች።

«ጋሼ፣ የሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ቡኪንጉ ላይ የሐበሻ ስም አየሁ፤ አድራሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚል ‹ታውቂው ይሆን?› ብዬ አክስቴን ጠየቅኳት። ሐይቁን የሚያይ ክፍል ሰጥቼዎታለሁ። አክስቴ፣ ሽሮውንስ ሰጠሻቸው?»