የጋሽ በድሩ የዝናብ ጠርሙስ

በቅጡ የማታውቁትን ነገር በልበ ሙሉነት ስታስረዱ፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሲያዳምጣችሁ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ባለፈው ሳምንት የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ሳጥብ፣ ከሥሩ የተጋገረውን ነጭ ነገር በማንኪያ እየፋቅሁ ሐሳቤ አርሲ፣ ሳጉሬ ከተማ ገባ።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሳጉሬ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጠመኔዬን በቁመቱ የምደረድር፣ ሳልጠየቅ የማስረዳ ልጅ ነበርኩ። ቤት ያከራዩኝ ጋሽ በድሩ በአሮጌ ፒካፓቸው እህልና ገበያተኛ ወደ አሰላ ያመላልሱ ነበር። እኒህ ሰው አንድ ልማድ ነበራቸው። ዝናቡ ጥቂት ከወረደ በኋላ የፕላስቲክ ሳፋ ግቢው መሐል በርጩማ ላይ ያኖራሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን አይነኩም። የተጠራቀመውን በጠርሙስ ቀድተው በቡሽ ይከድኑና አልጋቸው ሥር ያስቀምጣሉ፤ የመኪናው ባትሪ ውሃ ሲጎድል ሊሞሉበት ነው።

"የፊተኛው ዝናብ አቧራውን ያጥባል፤ የኋለኛው የኛ ነው" ይላሉ። እኔ በሆዴ እስቃለሁ።

አንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘገየ። መጋቢት ላይ ጠርሙሱ ተሟጠጠ፤ የባትሪውም ውሃ ጎደለ። ጋሽ በድሩ አሰላ ካለ ጋራዥ የባትሪ ውሃ ሊገዙ ሲያስቡ ጣልቃ ገባሁ።

"ምን አደከመዎት ጋሽ በድሩ? ተራራው ሥር ያለው ምንጭ እያለ! ንጹሕ ውሃ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ያ ደግሞ እንደ መስታወት ነው።"

"ይጣፍጣል ይሉታል" አሉ ጢማቸውን እያሻሹ።

"በጣም እንጂ! እንደሱ የሚጣፍጥ ውሃ የት አለ?"

ባዶውን ጠርሙስ አቀበሉኝ። "እሺ መምህር፣ የተማረ ሰው ያለውን እንስማ።"

በገዛ እጄ ቀዳሁት፤ እያስረዳሁ። በልጉም ሳይዘንብ ስላለፈ እስከ ግንቦት በጎደለ ቁጥር ከምንጩ ሞላሁ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ ይነሳ ጀመር። ብርዱ ነው ብዬ ያንንም አስረዳሁ።

ሰኔ ገባ። አሥራ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሰላ ሄደው ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። የመፈተኛው ትምህርት ቤት በር ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያረፈደ ዓመት ይጠብቃል። ገና ሲነጋ ሁሉም ፒካፑ ላይ ተጭነው ጋሽ በድሩ ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ አለና ዝም አለ። ደገሙ። ቀጭ።

"ያ ረቢ! ውረዱና ግፉ!"

ሌሊቱን ዘንቦ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እኔ የባትሪውን ክዳን ከፍቼ ሳጠና ጫልቱ የምትባል ተማሪዬ ጫማዋን ብብቷ ሥር ወሽቃ ጮኸች፦

"ቲቸር፣ ይግፉ እንጂ! ማስረዳቱ ይደርሳል!"

ገፋሁ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ሞተሩ አጓራ፤ እየሮጥን ተንጠላጠልን።

መንገድ ላይ አንዱ ተማሪ ከኋላ አንገቱን አስግጎ "ጋሽ በድሩ፣ ባትሪው ምን ነካው?" አለ።

"አርጅቷል። እኔስ አርጅቼ የለ?"

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዲስ የታረሰውን ጥቁር ማሳ ብቻ አያለሁ።

ዘበኛው በሩን ሊገፋ ሲል ደረስን። ጫልቱ ከነጭቃዋ ገባች፤ አሥራ አንዱም ገቡ። ያን ጊዜ ወደ ጋሽ በድሩ ዞርኩ።

"ጋሽ በድሩ፣ ውሃው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ይጣፍጣል ያልከኝ ዕለት ጠርጥሬ ነበር። ውሃ ብቻ ቢሆን ምኑ ይጣፍጣል? ውስጡ አንድ ነገር ቢኖር ነው እንጂ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እርግጠኛ አልነበርኩም። አንተ ደግሞ ስታስረዳ ደስ ብሎህ ነበር።"

ሰኞ ዕለት ለሰባተኛ ክፍል አንድ ቁራጭ የመስኮት መስታወት ይዤ ገባሁ። አንድ ጠብታ ከምንጩ፣ አንድ ጠብታ ከጋሽ በድሩ ሳፋ። ሲደርቁ የምንጩ ነጭ ቀለበት ትቶ ሄደ፤ የዝናቡ ምንም። ያንን ነጭ ነገር፣ ባትሪ የሚገድለውን የምንጭ ውሃ ማዕድን፣ ለወራት ባትሪው ውስጥ ስጨምር እንደኖርኩ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲመጣ ሳፋውን የማወጣው እኔ ሆንኩ።

እናንተም ሞክሩት። ከቧንቧችሁ አንድ ጠብታ፣ ከኋለኛው ዝናብ አንድ ጠብታ ንጹሕ መስታወት ላይ አኑሩና ይድረቅ። እስኪደርቅ ድረስ ግን ለማንም ምንም አታስረዱ።