የቨርሊን ስትራውድ አግዳሚ ብረት

ቨርሊን ስትራውድ በሰባ አንድ ዓመቱ ላሰበው ተንኮል የምታስፈልገው አንዲት የብሎን ዳዶ ብቻ ነበረች። አዲስ፣ የምታብለጨልጭ፣ በውስጧ የፕላስቲክ ቀለበት ያላት፣ ከሰፈር ሱቅ የተገዛች። ዓርብ ጠዋት ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ባልስትራ ላይ አሰራትና ጭቃ ቀባት። ብዙ አልቀባትም፤ ጨርሶ እንድትጠፋ አልፈለገም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሚስቱ ላቮን ከጋራዡ በር ላይ ቆማ።

«ወጥመድ እያጠመድኩ።»

«ለአይጥ?»

«ለኦሪን።»

«እሱ ከአይጥ ይብሳል። አይጥ እንኳ ሲጠግብ ይሄዳል።»

«ኦሪንም ሲጠግብ ይሄዳል። ቶሎ ላጠግበው ነው።»

ኦሪን ቲቤትስ የፎንታና ከተማ የመኪና ማኅበር ተቆጣጣሪ ነው። ማኅበሩ «የአቧራ አይጦች» ይባላል፣ ሕጉም አንድ ነው፦ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ወዲህ የተሠራ ነገር የመኪናው አጽም በሆነው ሻንሲ ላይ አይገባም። ብሎን ቢሆን፣ ዳዶ ቢሆን፣ የፍሬን ቧንቧ ቢሆን። ያለፈ ሰው የሠሪው ስም የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ መኪናው ኋላ ላይ ይሰቀልለታል፤ እሑድ በደረቁ ሐይቅ ላይ ይጋልባል። ያላለፈው ባርኔጣውን አድርጎ ከዳር ያጨበጭባል። ኦሪን ታዲያ አንድ ጥፋት ሳያገኝ ከመኪና ሥር ወጥቶ አያውቅም። አንዷን ካገኘ ግን ይነሳል፣ «እስከ ቀትር ቀይራት» ይላል፣ ጉልበቱ ስለሚያመውም ተመልሶ አይተኛም። የቨርሊን ተስፋ ያ ጉልበት ነበር።

ምክንያቱም ሻንሲው ላይ አንድ ውሸት አለ። የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች ባርስቶ ከተማ ውስጥ ከአንድ የዶሮ ቤት ሥር ጎትቶ አወጣቸው፤ የሠላሳ ሁለት ፎርድ ናቸው። የፊት አክስሉን የሣር ማጨጃ ሰጥቶ አገኘው። ፍሬኑ የሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሥሪት ነው። የሪቬት ችንካሮቹን አንድ በአንድ እስኪቀሉ አግሎ በመዶሻ መታቸው። ስድስት ዓመት ፈጀበት። መሃል ላይ ሁለቱን ብረቶች የሚያያይዘውን አግዳሚ ግን የቀድሞው ባለቤት ትልቅ ማርሽ ሳጥን ላስገባ ብሎ በእሳት ቆርጦ ሦስት ቦታ አሰነጠቀው። ቨርሊን ምትኩን ሦስት ዓመት ፈልጎ አጣ። ስለዚህ ባለፈው ታኅሣሥ የጋራዡን በር ዘጋና ራሱ ሠራው። ላሜራውን በእንጨት ቅርጽ ላይ ቀጥቅጦ አጎበጠ፣ እንደ ድሮው በጋዝ በየደ፣ በጨው ውኃ ነክሮ እስኪዝግ ድረስ ከላቮን የቲማቲም መደብ ሥር ቀበረው። በሐምሌ ሲያወጣው ከሴት አያቱ በዕድሜ የሚበልጥ ይመስል ነበር።

ቨርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ብረት ፋብሪካ በያጅ ነበር። የበየደው ሁሉ ወይ ኮንክሪት ፈስሶበታል፣ ወይ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ስሙ ያለበት አንድም ነገር የለም። ሰሌዳዋን የፈለጋት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኦሪን የሚተኛበትን ካርቶን፣ ባትሪውንና ላምባ የነካ የጥርስ ብሩሹን ይዞ መጣ። የአቧራ አይጦች ዶናታቸውን እያላመጡ ከበቡ። ኦሪን በኋላ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው። ቨርሊን ግን የሹፌሩ ወንበር ጥላ እንዲያገኝ ብሎ መኪናውን አዙሮ አቁሞት ነበር፤ የጠዋቱ ፀሐይ በኋላ በኩል ዓይን ይወጋል። ኦሪን ዓይኑን ጨፈን ጨፈን አደረገና ካርቶኑን ከፊት ዘረጋ።

ዳዶዋ ሌላው ጫፍ ላይ ናት። አግዳሚው ግን ኦሪን በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ካርቶኑ ተንሸራተተ። መሃል ላይ ቆመ።

«ቨርሊን።»

«ወዬ።»

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ባርስቶ።»

«ኑ እዩ፣ እናንተ ሰነፎች» አለ ኦሪን ከሥር። «ይሄን እጥፋት እዩ። ብየዳውን እዩ። የዛሬ ሰው በኮምፒውተር እንኳ አይሠራውም።»

ሰባት ሰው ተንበረከከ። አንዱ በቴሌፎኑ ፎቶ አነሳ። ቨርሊን በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ሙገሳ ሰማ፤ «እኔ ነኝ» ቢል ሰሌዳዋ ትቀራለች።

ብሩሹ መፋቁን ቀጠለ። ከዚያ ቆመ።

«ቁጥር አለው» አለ ኦሪን ቀስ ብሎ። «አርባ ሰባት።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። በፋብሪካው እያንዳንዱ በያጅ ሥራውን ሲጨርስ ቁጥሩን ከብየዳው አጠገብ በመዶሻ ይመታል። አግዳሚውን በጨረሰ ዕለትም የቨርሊን እጅ፣ እሱ ስለ ምሳው ሲያስብ፣ የለመደችውን ቁጥሩን በገዛ ፈቃዷ መታችው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ የአርባ ሰባት ቁጥርን ብየዳ በባትሪ እያበራ የመረመረው የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ማን ነበር? ኦሪን ቲቤትስ።

«የፋብሪካ ቁጥር ነው» አለ ቨርሊን ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ነው እንጂ። ፋብሪካውን አውቀዋለሁ። ሰኞ ሰኞ እያረፈደ ነበር የሚገባው።»

ከቨርሊን በቀር ማንም አልገባውም። ካርቶኑ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ኦሪን እያቃሰተ ወጣ። «ባልስትራው ላይ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ አለ። እስከ ቀትር ቀይራት።» የአቧራ አይጦች እንደ ወጋቸው እየጮኹ ባርኔጣቸውን ቨርሊን ላይ ወረወሩ። ሰዉ ሲበተን ኦሪን ጠጋ አለ።

«ለኔ ነው ያስቀመጥካት?»

«እንዳትራብ ብዬ።»

«የሱቁን ወረቀት እንኳ አላነሳህላትም።»

«ጨዋታውን እያወቅህ ለምን አሳለፍከኝ?»

ኦሪን ግራና ቀኙን አየ። «የኔ አግዳሚ ከሚያዝያ ጀምሮ ተሰንጥቋል። ለማንም አልተናገርኩም። ፋብሪካው ለታኅሣሥ ይከፈት ይሆን ብዬ ነው።»

«ይከፈታል።»

«ቁጥሩ ግን ይቅር።»

«ቁጥር የሌለው ሥራ አይወጣም» አለ ቨርሊን። በቀልድ አልነበረም።

ኦሪን የጥርስ ብሩሹን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲያስ ከላይ በኩል ምታው። ተቆጣጣሪ በማያይበት።»

ቨርሊን ከኪሱ ከጠዋት ጀምሮ ይዟት የዞረውን አሮጌ ዳዶ አውጥቶ ከመኪናው ሥር ተንጋለለ። እሑድ ስሙን ከኋላው አንጠልጥሎ፣ አቧራውን እያስነሳ ጋለበ።

ማታ ቤት ሲገባ ላቮን ሰላጣ እየከተፈች ነበር።

«የዘንድሮው ቲማቲም ሚስማር ሚስማር ይላል ብለሽ አልነበር?» አላት።

«ታዲያስ?»

«የከርሞውም እንደዚያው ነው።»