ፍርድ ቤት ደጃፍ የታረመው የሰብለ ወረቀት

ከገሳይ የወጣን ዕለት ገና ከማለዳው ውሽንፍር ነበር። ሚኒባሱ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ረዳቱ «እናት፣ ይግቡ እንጂ! አውሮፕላኑ እንደኛ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም!» እያለ ይጮህብኛል፤ እኔ ግን ጎረቤቱን ሁሉ ስሜ አልጨረስኩም። ምራቴ አለምነሽ አባቷ አልጋ ላይ ስለዋሉባት ቀሪ ናት። የልጇን የሰብለን እጅ በመስኮት በኩል ይዛ መኪናው ሲንቀሳቀስ እንኳ አልለቅ አለች። እኔ ፊት ፊቴን እያየሁ «ንዳው ልጄ» አልኩ። የሰፈር ሰው ጨካኝ ናት ብሎኝ ይሆናል። ዞር ብዬ ባያት ግን ዛሬም እዚያው ገሳይ ነበርን።

የጠራን ልጄ ነው፣ የሰብለ አባት። ካናዳ፣ ዊኒፔግ በሚሉት ከተማ ከባድ መኪና ይነዳል። ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ብርዱን አትፍሩ፣ ጉና ተራራ ሥር ላደገ ሰው ብርድ ምኑ ነው፤ ሽፋሽፍታችሁ ላይ ትንሽ በረዶ ይጋገራል፣ ያው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሜዳው ነው። አገሩ በሙሉ አንዲት ጉብታ የለውም! ሰው መንገድ ሲጠፋበት ወዴት ቀና ይላል? ድንቹም የሕፃን ራስ ያህላል፣ ብትቀቅሉት ግን ውኃ ውኃ ይላል። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ «እንዴት ነሽ» ይላችኋል፣ መልሱን ሳትጨርሱ ግን ማዶ ተሻግሯል።

ሰብለ ገሳይ እያለች ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እዚህ «እንግሊዝኛሽ አልጠናም» ብለው ከአዲስ ገቦች ክፍል ከተቷት። አምስት ወር ሙሉ «ፖም ቀይ ነው፣ ሙዝ ቢጫ ነው» ሲያስብሏት ከረሙ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሙዝ ቢጫ መሆኑ ይጠፋታል? በኋላ መምህሯ «ሲቪል ራይትስ፣ ማለት ስለ ሰው መብት ጽፈሽ ክፍሉ ፊት ታቀርቢያለሽ፤ ካማረልሽ ከእኩዮችሽ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ካላማረ እስከሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ነሽ» አለቻት።

ልጅቷ አሜሪካ ውስጥ ስለነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ጻፈች። አውቶቡስ ላይ «ለነጭ ተነሥተሽ ልቀቂ» ቢሏት «አልነሣም» ብላ ታሰረች አሉ። «እምዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብትለኝ «እኛ አገር ሰው ሲገባ ኖር ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ የመጣውም በእግዜር ብሎ መልሶ ያስቀምጠናል። መነሣት ወዶ ሲሆን ነው ክብርነቱ። ተነሽ ብሎ ያዘዘ ሰው ግን ክብሩን ራሱ ጥሎታል» አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

ረቡዕ ዕለት ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛውን ሰው ይርዳሽና ዓርብ አቅርቢ፤ ስልክ ግን አያርምልሽ» ይላል አሉ። ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ሳምንት አይመለስም። ሰብለ እራቷን ሳትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ወረቀት የሚያቃና ሰው የት እንደሚገኝ እኔ አውቃለሁ። የድንበር ክርክር ጊዜ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ አልነበረም እንዴ ነገሬን አሳምሮ የጻፈልኝ? ፍርድ ቤት ባለበት ጸሐፊ አይጠፋም። ሐሙስ ሰብለ ትምህርት ቤት እንደሄደች ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና አውቶቡስ ያዝኩ። እግሬ ማረፍ ስለማያውቅ ሹፌሮቹ ለምደውኛል፤ ለባለ ተራው ሹፌር የፍርድ ቤቱን ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት፣ አወረደኝ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አስመሬ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ኖሯል፣ አማርኛው ማር ነው።

«እማማ፣ ክስ አለብዎት?»

«ኸረ በሥላሴ! ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ናቸው የጠፉኝ። ዛሬ አልገቡም?»

«እዚህ እንደዚያ የሚባል የለም፣ እማማ።»

«እንግዲያ እኒያ ምንድን ናቸው?» ብዬ አሳየሁት። ከደረጃው ሥር አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል፤ መነጽር አላቸው፣ የተጻፈበት ሰሌዳ አላቸው፣ ጭናቸው ላይ የወረቀት ክምር።

ዘበኛው ሳቁን ዋጠው። «እሳቸው ሰልፈኛ ናቸው! አከራያቸው ከኖሩበት ቤት አስወጣቸውና አቤት እያሉ ነው።»

«ብቻቸውን ሰልፍ? ለማንኛውም ብዕር ይዘዋል» አልኩና ሄድኩ።

በእንግሊዝኛ አንቱ የለም አሉ፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ እጅ ነሣሁና ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠሁ። «ፕሊስ። ኮሬክት» አልኩ፤ ሌላውን በዓይኔ። አነበቡ፣ እኔን አዩኝ፣ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው እኔን አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይሰርዙ ይጽፉ ጀመር። ዘበኛውም የምሳ ሰዓቱ ደርሶ ሳንድዊቹን ይዞ መጣና አስተርጓሚ ሆነን።

«እማማ፣ እዚች ጋ ያለችው ዓረፍተ ነገር የእንግሊዝኛውን ሕግ አልጠበቀችም፣ ግን አልነካትም ይላሉ። እንደናንተ ያለ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚለው፣ ትቆይ ይላሉ።»

«የቷ ናት?»

«ክብሩን ራሱ ጥሎታል የምትለዋ።»

የኔ ናት! ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ይኸኔ የዘበኞቹ አለቃ፣ ቆፍጣና ወጣት ሴት፣ ከላይ ወረደች። ወንበሩ ለበሩ ቀርቧል፣ ይነሣ ነው ነገሩ። ወንበሩ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዘበኛው ሳንድዊቹን ከኋላው ደበቀ።

«እማማ፣ ይነሡ ትላለች።»

«ያንን ወረቀት ይጨርሱልኝና እነሣለሁ በላት።»

«እማማ፣ አለቃዬ ናት…»

«አለቃህን አልሰደብኳት፣ ልጄ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው የቀረው።»

ምን ብሎ እንደተረጎመው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አለቃይቱ ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች። እኔ ልትቀድደው ነው ብዬ ማርያም ማርያም እላለሁ። ቆማ ስታነብ ቆየች፣ ቆየችና ከደረት ኪሷ ብዕር አውጥታ አንድ ቃል ሰርዛ ሌላ ጻፈች! ሽማግሌው «የለም፣ የኔው ነው ልክ» አሉ መሰለኝ፤ ያዙኝ ልቀቁኝ ሆነ። የወንበሩን ነገር ረስተውት በሰብለ ወረቀት ይሟገታሉ። በመጨረሻ እሷ ረታች። እኔም ያኔ ወድጄ ተነሣሁ፣ ወንበሩንም አራት እርምጃ ራሴ አራቅሁላት። የሽማግሌው ቤት ነገር ግን እስካሁን አልተፈታም፤ ሐሙስ ሐሙስ ዳቦ እወስድላቸዋለሁ።

ሰብለ ማታ ወረቀቱን ስታየው «ማነው ያረመው?» አለች። «አንድ አቤት ባይና አንድ አሳሪ» አልኳት። አላመነችኝም፣ ሌሊቱን ግን ስትለማመድ ሰማኋት።

ዓርብ ትምህርት ቤቷ ሄጄ ከክፍሉ የኋላ ወንበር ሆኜ አየሁ። ቃሉ ባይገባኝም ድምፅዋ እንዳልተንቀጠቀጠ ሰማሁ። ጭራሽ «ኖር» ምን እንደሆነ አስረድታ ልጆቹን አሠለጠነቻቸው። ርእሰ መምህሩ ሊያይ ብቅ ሲል ያ ሁሉ የዓለም ልጅ፣ ሶማሌው፣ ፊሊፒኖው፣ ዩክሬኑ፣ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለው። ሰውየው የሚያደርገው ጠፍቶት በሩ ላይ ቀረ። እኔ ከኋላ «በእግዜር በል እንጂ!» አልኩት። መምህሯ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሰብለም ከእኩዮቿ ክፍል ገባች። እልልታዬን ኮሪደሩ ሙሉ ሰማው።

ታዲያ ከመግቢያው ደብዳቤ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ነበረ። ልጄ ሲመለስ አነበበልን። ከእኩዮቿ እንድትደርስ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ክረምት በሙሉ ልትማር ነው። ክረምቱን ደግሞ ገሳይ፣ አለምነሽ ዘንድ ልንከርም ነበር ያሰብነው።

እሑድ አለምነሽ ደወለች። ስለ ክፍሉ ሰምታ ደስታዋ ሌላ ነው። ቀጥላ «እማዬ፣ ትኬቱን ቆረጣችሁ?» አለችኝ።

ሰብለ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ለዘበኛም ለአለቃም መልስ ያላጣሁ ሴትዮ «ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ጉና ላይ ጠቁሯል፣ እዚህ ገና አልወረደም። ድንቹ ደርሷል፣ አልነቀልኩትም። ስትመጡ ሰብለ ራሷ ትንቀለው ብዬ ነው። የት አለች? እስኪ አቅርቡልኝ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ሰብለ «እማ» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰብለ? ይሰማሻል? መቼ ነው የምትመጡት?»

ልጅቷ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔም መልሼ ወደ እሷ ገፋሁት።