ሦስት ድመት ይዤ ወደ ሞያሌ

እናቴ ዲላ ላይ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አራት ነበርን፤ እኔና ሦስት ድመቶች። አንደኛዋ አሮጊት ናት፤ እናቴ ከቡና መጋዘን በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣቻት። ሁለቱ የእሷ ልጆች ናቸው። ስም አልነበራቸውም፤ ሦስቱም ውሮ ነበሩ። ስጠራቸው ሦስቱም ይመጣሉ፣ ካልፈለጉም ሦስቱም አይመጡም። እናቴ ታማ በተኛችበት ክረምት አሮጊቷ ከእግርጌዋ አልተነሳችም። የአርባው ተዝካር ወጥቶ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሌላ ፍጥረት አልነበረም። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ በኋላ ያደረግኩት እንዲገባችሁ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ታይፒስት ነበርኩ። አለቃዬ ናይሮቢ ቢሮ ሲከፍት፣ "እንግሊዝኛም አማርኛም የምትጽፊልኝ አንቺ ነሽ፤ ሂጂ" አለኝ። ዲላ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ እናቴ እያነሳ ከንፈር ይመጥልኝ ስለነበር መሄዱን እንደ እረፍት ቆጠርኩት። "ድመቶቼን ግን ይዤ ነው የምሄደው" ስለው ከት ብሎ ሳቀ።

"ናይሮቢ ድመት ጠፍቶ ነው?"

"የእኔ ድመት የለም" አልኩት። ያኔ ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ያው ነኝ።

ከናይሮቢ የመጣው የደንብ ወረቀት ሳቁን አስቆመው። ድንበር የሚያልፍ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት፤ ክትባቱንም ጤንነቱንም የሚመሰክር የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ቁስል ያለበት እንስሳ አይገባም። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ለድመት ፓስፖርት ታወጣለች ተባልኩ። አከራዬ ግን የምሯን ልትመክረኝ መጣች። "ልጄ፣ ድመት መንገዱን ካየ ይመለሳል። ጆንያ ውስጥ ከተሽ ውሰጃቸው" አለችኝ። ከናይሮቢ ዲላ በእግራቸው ከተመለሱ እኔም እከተላቸዋለሁ አልኳት። ቀልዴ አላሳቃትም፤ እኔንም አላሳቀኝም።

ክትባቱ ከአዲስ አበባ በፔርሙዝ፣ በበረዶ ታሽጎ በአውቶቡስ መጣ። የሚወጋልኝ ሰው ፍለጋ ወደ ከብት ሐኪሙ ሄድኩ። ረጋ ያለ የጌዴኦ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከጪጩ እስከ ገደብ መንደር ለመንደር እየዞረ ከብት ሲከትብ የኖረ። ድመት ወግቶ አያውቅም። ቢሆንም እሺ ብሎ፣ ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ያለው ቅጽ የከብት ብቻ ስለነበር በእሱ ሞላ። "ቀንድ" በሚለው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ "የለም" ብሎ ጻፈ። ሁለታችንም ሳቅን።

ወግቶ ሲያበቃ ከቦርሳው መቀስ አወጣ። የተከተበ ከብት ጆሮው ጫፍ ላይ ቆረጥ ይደረጋል፤ ሌላ ቀን ከሌላ መንጋ ጋር ቢገኝ ሁለተኛ እንዳይወጋ።

"ለድመትም ያስፈልጋል እንዴ?" አልኩት።

"ምልክት ከሌለው ማን ያምናል፣ እህቴ? ወረቀት ይጠፋል፤ ጆሮ አይጠፋም" አለኝ። "ይሄ ድመት ሩቅ አገር ይሄዳል። ተከተበ ብሎ ማን ይመሰክርለታል?"

እውነቱን መሰለኝ። እንዲያውም ለእኔ ብሎ መጨነቁ ደስ አለኝ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለጉዳዬ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች አንገታቸውን ይዤ ጆሯቸውን ያስቆረጥኳቸው ራሴ ነኝ። አሮጊቷ ተራዋ ሲደርስ እጁን ቧጭራው ቁምሳጥን ላይ ወጣች። "ይሄስ ከወይፈን ይብሳል" ብሎ እየሳቀ ተዋት።

ድመቶቹን ዶሮ በሚሸጥበት የቀርከሃ ቅርጫት፣ አሮጊቷን ለብቻዋ፣ ልጆቹን አንድ ላይ አድርጌ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። ይርጋጨፌ እስክንደርስ ጮኹ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ሾፌሩ ሽታውን ሲያማርር መስኮቱን ክፈት አልኩት። ሞያሌ እስክንገባ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም።

በኬንያ በኩል የነበረው ሹም ጨዋ ሰው ነበር፤ ይህ ነው የባሰው። ተሳዳቢ ቢሆን እሰድበው ነበር። ወረቀቱንና በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ትርጉም አገላብጦ አየ፤ ከዚያ ቅርጫቱን አስከፈተኝ። የሁለቱ ጆሮ ገና አልደረቀም፤ የአንደኛው እንዲያውም አብጧል።

"ምን ነከሳቸው?"

"አልተነከሱም። የክትባት ምልክት ነው።"

"ድመት ክትባት ሲወስድ ጆሮው ይቆረጣል የሚል ደንብ አይቼ አላውቅም፣ እመቤት።"

እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። ቁስል ያለበት እንስሳ ስድስት ወር ተለይቶ ካልቆየ አይገባም፤ ማቆያው ግን ናይሮቢ እንጂ ሞያሌ የለም፤ ናይሮቢ ለመድረስ ደግሞ በዚህ በር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ወይ ይመለሳሉ ወይ ይገደላሉ። የአሮጊቷን ሁለቱንም ጆሮ በጣቱ ዳስሶ፣ "ይህቺ ትለፍ" አለ። መኪናዎች በሽፍታ ፍራቻ በወታደር አጀብ ብቻ በሚያልፉበት ጊዜ ነበርና አጀቡ ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ቅርጫቶቹን ተሸክሜ ወደ እኛ በኩል ተመለስኩ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት ነበረች፤ ጠዋት ለድመቶቹ ወተት የሰጠችን። የሆነውን ስነግራት ጊዜ አላባከነችም። "አይጥ ፈጅቶኛል፤ ተይልኝ" አለች። ሁለቱን አወጣሁላት። አሮጊቷ ቅርጫቷ ውስጥ ሆና መጥራት ጀመረች፤ እነሱም መለሱላት።

"ሦስቱንም ተይልኝ እንጂ፣ የኔ እህት" አለችኝ ሴትዮዋ። "ምን አጠፉና እናትና ልጅ ታለያያለሽ?"

አጀቡ ይነሳል አልኳት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቅርጫቱን አንስቼ ሄድኩ። አሮጊቷ እስከ ማርሳቢት ስትጣራ፣ ሾፌሩ እንኳ አዝኖ አንዴ መኪናውን አቁሞ ውሃ ሰጣት። አልጠጣችም።

ናይሮቢ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነበር። ቢሮው ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስጽፈው እውላለሁ እንጂ አልናገረውም። ማታ ለአሮጊቷ አወራላት ነበር። አልጋ ሥር ገብታ አትወጣም። ምግቧን የምትበላው እኔ ከቤት ስወጣ ነው፤ ስመለስ ባዶ ሳህን አገኛለሁ። ቧጭራኝ ብታውቅ ደስ ባለኝ ነበር። አንድም ቀን ግን አልነካችኝም።

በአምስተኛው ወር ከሞያሌ ደብዳቤ መጣ። ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ በተውኩላት አድራሻ፣ በሰው አስጽፋ ነው። ድመቶቹ ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ድኗል፤ ሴቷ አራት ወልዳለች። "አሮጊቷስ እንዴት ሆነችልሽ?" ይላል መጨረሻው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የልጅ ልጅ እንዳየች ትስማ ብዬ። ወለሉ ላይ ተኝቼ ወደ ውስጥ ሳይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

እናቴ ትታልኝ የሄደችው ድመት ናት፤ አልጥላትም፤ እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው። ያን ማታ ወለሉ ላይ እንደተኛሁ እውነቱን ነገርኳት። ሴትዮዋ ሦስቱንም ስጪኝ ብላኝ ነበር፣ ብቻዬን መግባት ፈርቼ ነው ያመጣሁሽ፣ አልኳት። አልዞረችም። እኔም መብራቱን ሳላጠፋ እዚያው ወለሉ ላይ አደርኩ።